ሦስት መስቀል ያለው ልብስ ማጠቢያ

ለምንይሉ ስሙን ያወጡለት አባቱ ናቸው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን እሱ ነው። ቢቸና ላይ አንድ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር «እኔን ይሆን?» ብሎ ዞር ይላል። ሻይ ቤት ሲገባ የሚመርጠው ጀርባውን ግድግዳ የሚያስደግፈውን ወንበር ነው፤ ከኋላ ምን እንደሚባል አይታወቅማ። ይሉኝታን እንደ ካፖርት ደርቦ የሚዞር እንዲህ ያለ ሰው፣ ከሙያ ሁሉ መርጦ የሰው ልብስ አጣቢ መሆኑ፣ ፈጣሪ አንዳንዴ ለመሳቅም እንደሚፈጥር ያሳያል።

ነገሩ የተጀመረው ሚስቱ ማስተዋል መንታ የወለደች ጊዜ ነው። ያኔ ምንይሉ ከቢቸና ሞጣ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበር። የመንታ ጨርቅ ደግሞ የክረምት ደመና ማለት ነው፤ አንዱን አነሳሁ ስትል ሌላው ይመጣል። ማስተዋል አራስ ናት፣ እናቷ ያሉት አምበር ከተማ ነው፣ የሚያግዝ የለም። ምንይሉ ጨርቁን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ፣ እህል የሚያስፈጭ መስሎ፣ ሰው ሳይነሳ ወደ ወንዝ ይወርድ ጀመር። ወፍጮ ቤቱ በከተማው ወዲያኛው ዳር መሆኑን ማንም ልብ ያላለ መስሎታል። ከተማው ግን ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ያውቃል፤ ያልሳቀው አራሷ እስክትነሳ ብሎ ነው። ክርስትናው ባለፈ ማግስት ቢቸና የቆጠበውን ሳቅ ሁሉ አንድ ላይ ለቀቀው። ድምፁ የጁቤ ድረስ ተሰምቷል የሚሉ አሉ።

ከሳቁት መካከል ግን አንዷ የመንታዎቹን ጨርቅ ገመድ ላይ አየችና ሳቋን አቋረጠች። «ይኼ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው እንዲህ የሚያነጣው?» አለች። ብዙም ሳትቆይ የባሏን ጋቢ ላከች። ከእሷ በኋላ የሳቀ ሁሉ በሳቁ ቅደም ተከተል መጣ። ምንይሉም ከአውቶቡሱ ወርዶ ከወይዘሮ ብሩክታይት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየና በሩ ላይ «ምንይሉ የልብስ ንጽሕና» ብሎ አጻፈ።

ዓመታት በሳፋ አለፉ። ቀዝቃዛ ውኃ፣ በረኪና፣ ጭመቃ። እጁ ተሰነጣጥቆ የአሮጌ ዳዊት ብራና መሰለ። በዚያው ግቢ ሊድያ የምትባል፣ ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች ነርስ ትኖራለች። አንድ ቀን እጁን ይዛ «እስቲ ጨብጥ» አለችው። ጣቶቹ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ ምንይሉ፣ ሌላ ክረምት በረኪና ውስጥ ካስገባኸው ይኼ እጅ ጉርሻም አይጠቀልልም» አለችው።

የጉርሻው ነገር አስደነገጠው። ያለውን አሟጦ ሞጣ ሄደ። እዚያ ዘመነ የሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ አንድ ነጭ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አሳየው። ፊቱ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ቀስቶች የተሣሉበት ወረቀት ተለጥፏል። ከሁሉም በላይ ባለው አረንጓዴ ቀስት ላይ የፈረንጆቹ «ኤ» አለች፤ አጠገቧ ደግሞ +++ የሚል ምልክት።

«ይኼ ደረጃው ነው» አለ ዘመነ። «መብራት ምን ያህል እንደሚበላ ፋብሪካው የሚመሰክርበት። ይቺን ካየህ ሌላ አትጠይቅ።»

ምንይሉ ሌላ አልጠየቀም። ማሽኑ በቀድሞ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ እንደ ሙሽራ እየታየ ቢቸና ገባ።

መጀመሪያ ያዩት የቅኔው መምህር መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው፤ የዘወትር ደንበኛ ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱ ፊት ቆሙ። ግቢው በሙሉ ከኋላቸው ቆመ። መሪጌታ ስለ አንዲት ቃል ሦስት ቀን ሊያስቡ የሚችሉ ሰው ናቸው፤ ለዚህች ግን ሻይ እስኪቀዳ አላስጠበቁም።

«ይኼ የፈረንጁ አልፋ ነው» አሉ። «አጠገቡ ሦስት መስቀል። ቀስቶቹን ደግሞ እዩዋቸው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየረዘሙ፣ እየቀሉ ይሄዳሉ። እነዚያ በላተኞቹ ናቸው። ይኼ የላይኛው አጭር ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ጎመን ብቻ ነው የቀመሰ። ነገሩ ግልጽ ነው። ይኼ ማሽን ጾመኛ ነው።»

«መሪጌታ፣ ያ እኮ መስቀል አይደለም» አለች ሊድያ ከኋላ። «የመደመር ምልክት ነው።»

«ልጄ፣ ሒሳብ ሳይመጣ መስቀል ነበረ» አሏት። ግቢው ሳቀ፤ ሊድያም ሳቀች፤ ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

ጸሐይ ሳትጠልቅ ዜናው ገበያውን ዞረ። ጾመኛ ማሽን ቢቸና ገባ ተባለ። አንዳንዱ ዓቢይ ጾምን ያለ ውኃ ይውላል አለ። ምንይሉ ራሱ በደስታ ተነሥቶ የማይባል ነገር አለ። የግቢው የኤሌክትሪክ ቆጣሪ አንድ ነው፤ ካርድ እየተሞላ ለሁሉም ይሠራል፤ ስሙ ደግሞ የወይዘሮ ብሩክታይት ነው። ምንይሉ በፊታቸው ቆሞ እጁን ወረቀቱ ላይ ጭኖ «እትዬ፣ ከአንዲት አምፖል በላይ ከበላ እኔን ያስወጡኝ» አለ። እሳቸው ደግሞ የተባለላቸውን የሚረሱ ሴት አይደሉም።

ሥራው ተጀመረ። ቢቸና ላይ ልብሱን ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ገና እንዴት አደርክ ሳይል የሚናገረው አንድ ነገር አለው፤ «የኔን ለብቻው።» የመሪጌታ ነጠላ ቅዳሴ የሚቆሙበት ነው፤ ከማን ሱሪ ጋር ይገባል? የነጋዴዋ ቀሚስ ዓይን ይፈራል። የዳኛው ሸሚዝ ከባለጉዳይ ሸሚዝ ጋር ቢታይ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ስለዚህ አንዲት ነጠላ በዚያ ሰፊ ሆድ ውስጥ ለብቻዋ ትገባለች፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደምትጨፍር ሙሽራ ትሽከረከራለች። ደንበኛውም በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። እንፋሎት ካላየ ታጠበ አይልም። «ይፍላ እንጂ» ይላል። ምንይሉም ይሉኝታ አለበትና ቁልፉን ወደ እንፋሎቱ ሥዕል ያዞራል። ያኔ ማሽኑ ይንተከተካል፣ ይጮኻል፣ ግድግዳውን ለቆ ወደ በሩ ይራመዳል። ጭጋጉ ከክፍሉ ወጥቶ አስፋልት ሲደርስ መኪኖች መብራት ያበራሉ።

ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥርስ? ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል እንደሚወርድ ፍሬን የበጠሰ ሲኖትራክ ነበር የወረደው።

አንድ ምሽት ወይዘሮ ብሩክታይት ተከታታይ ድራማቸውን እያዩ ነው። ሰውየው ሕፃኑ የማን እንደሆነ ሊናገር አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ካርዱ አለቀ፤ ቤቱ ጨለመ። ወይዘሮዋ በእጅ ባትሪ መንገዳቸውን እያበሩ ምንይሉ በር ላይ ደረሱ።

«ምንይሉ።»

«አቤት እትዬ።»

«ጾመኛህ ምን በላ ዛሬ?»

«ሦስት ነጠላ ነው ያጠበው።»

«እኔ ያጠበውን አልጠየቅሁህም።»

«ወረቀቱ እኮ አለ፣ እትዬ፤ ሦስት መስቀል…»

«መስቀል አንግቶ ቁርጥ ቤት የሚገባስ ስንት አለ» አሉ። ባትሪውን ወረቀቱ ላይ አብርተው አዩትና አጠፉት። «ስማኝ ልጄ። ለጥምቀት እንግዳ ይመጣብኛል፤ በጨለማ አልቀበልም። እስከዚያ ወይ ማሽኑን ታስወጣለህ፣ ወይ ከማሽኑ ጋር ትወጣለህ። ራስህ ነህ ያልከው።»

ምንይሉ እጁን አየ። ማሽኑ ከወጣ ሳፋው ይመለሳል፤ ሳፋው ከተመለሰ እጁ ይሄዳል። ከዚህ በፊት ያልነበረ የልብስ ክምር ደግሞ ለጥምቀት እየመጣ ነው።

በማግስቱ ማስተዋል ቁርስ እያቀረበች «ሞጣ ሂድና የሸጠልህን ሰው ጠይቀው» አለችው።

«ወረቀት አይቶ የተታለለ ብለው ቢስቁብኝስ? ምን ይሉኛል?»

«ስምህን ይሉሃላ» አለች። «ብላና ተነሥ።»

አውቶቡሱ ላይ ሾፌሩ ፋንታ ነበር፤ የድሮ ባልደረባው። ገና በሩን ሲረግጥ ጀመረው። «አያ ምንይሉ፣ ጾመኛው በጥጋብ ግቢውን አጨለመ አሉ፣ እውነት ነው?» መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ። ምንይሉ መስኮቱን ተደግፎ ለዘመነ የሚናገረውን ንግግር በልቡ መለማመድ ያዘ። ደብረ ወርቅ እስኪደርሱ ንግግሩ ሱቅ የሚያፈርስ ነበር። ከደብረ ወርቅ በኋላ እየበረደ፣ ሞጣ መግቢያ ላይ ሲደርስ ከንግግሩ የቀረችው «እንደምን ዋላችሁ» ብቻ ሆነች።

እሷኑ ብሎ ሱቁ ገባ። ዘመነ ከሚስቱ ከእስከዳር ጋር ዕቃ ይደረድራል። ምንይሉ ችግሩን ከመናገሩ በፊት ዙሪያውን ተመለከተ። በግድግዳው ዳር የተሰለፉት ማሽኖች ሁሉ «ኤ» ናቸው። ማቀዝቀዣውም «ኤ» ነው። ከጥግ አቧራ የለበሰው ምድጃ ሳይቀር «ኤ» ነው።

«ዘመነ፣ ሁለተኛ የወጣው የት አለ?» አለ።

«ሁለተኛ የወጣ ማን ይገዛዋል?»

«ሁሉም አንደኛ የወጣበት ክፍል ፈታኙ ማን ነበር?»

ዘመነ ሳቀ፤ ሆኖም ጆሮውን አከከ። ምንይሉ ድፍረቱ ሳያልቅበት ሁሉንም ዘረገፈው፤ ቆጣሪውን፣ ድራማውን፣ የወይዘሮዋን ቃል፣ ሦስቱን መስቀል። መስቀሉ ላይ ሲደርስ እስከዳር ዕቃውን አስቀምጣ ጠጋ አለች።

«አያ ምንይሉ፣ የትኛው ላይ ነው የምታዞረው?»

«እንፋሎት ያለበት ላይ ነዋ። ደንበኛው ካልፈላ አይለቀኝም።»

«ሞልተህ ነው?»

«የአንዱን ሰው ለብቻው፣ የአንዱን ሰው ለብቻው።»

እስከዳር እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ይኼ ማሽን እኮ የተመዘነው በጾሙ ቀን ነው። አንተ በየቀኑ ፋሲካ አድርገህበታል።»

ከዚያ አንዱን ማሽን እያሳየች አስረዳችው። ቁልፉ ላይ ትንሽ ቅጠል የተሣለችበት ቦታ አለች። ፋብሪካው ደረጃውን ሲለካ ሆዱን በደንብ ሞልቶ፣ ቁልፉን ቅጠሏ ላይ አድርጎ፣ ለብ ባለ ውኃ ቀስ ብሎ እንዲያጥብ ትቶት ነው። ችኮላ የለም፣ እንፋሎት የለም። ይህን ያወቀችው ያንኑ ማሽን ቤቷ አስገብታ፣ እሷም ካርድ ጨርሳ፣ አስመጪውን እስኪናገር ድረስ በስልክ ስለጨቀጨቀችው ነው።

«ታዲያ ወረቀቱ ዋሽቷል?»

«አልዋሸም። አንተ ያልጠየቅኸውን ነው የመለሰው።»

«ምንም አያጋንንም?»

«እሱማ ትንሽ ያጋንናል» አለች። «ሽማግሌ ለልጅ ሚስት ሲጠይቅ ያንኮራፋል ብሎ ይናገራል እንዴ? የሚናገረውም ቢሆን ውሸት አይደለም። አንተ ግን ልጁን በየትኛው ቀን እንዳዩት መጠየቅ አለብህ።»

ምንይሉ ወደ ዘመነ ዞረ። «አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔ የምሸጠውን ነው የማውቀው። የምታጥበው እሷ ናት።»

«እጁ ሳፋ ነክቶ አያውቅም» አለች እስከዳር። ዘመነ ለመመለሻ መንገድ የሚሆን ሻይ አዘዘ።

ከሞጣ ሲመለስ ምንይሉ የገባው ነገር ደስታውን ግማሽ አደረገው። ቅጠሏ ላይ ማዞር ቀላል ነው። ሆዱን መሙላት ግን የሰውን ልብስ ከሰው ልብስ መቀላቀል ነው፤ ቢቸና ደግሞ ጎራዴ ሲመዘዝ ያየች ከተማ እንጂ ነጠላ ሲቀላቀል ያየች ከተማ አይደለችም። ደንበኞቹ ምን ይላሉ? ሊሉ የሚችሉትን ሁሉ በየተራ ሰማው፤ በፋንታ ድምፅ፣ በዳኛው ድምፅ፣ በመሪጌታ ድምፅ። ደብረ ወርቅ ላይ ሲደርሱ ግን ጣቶቹን ለመጨበጥ ሞከረና አሁንም አለመገናኘታቸውን አየ። በቃ፣ ይበሉ አለ።

ግቢ እንደገባ ጥምቀት የተቃረበበት ቅዳሜ ነበርና መሪጌታ ነጠላቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ወይዘሮ ብሩክታይት በረንዳ ላይ ናቸው፤ ሊድያ ከሥራ ገብታለች። ምንይሉ ጀርባውን የሚያስደግፍበት ግድግዳ አልፈለገም፤ መሐል ግቢ ቆመ።

«መሪጌታ፣ ዛሬ ለብቻው አላጥብም» አለ።

«ምነው?»

«ማሽኑ ጾመኛ የሚሆነው ሲሞላ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያጥብ፤ እንፋሎትም የለውም። ለብቻው ካልን እትዬ ያስወጡኛል፤ እውነታቸውንም ነው። ከእርስዎ ነጠላ ጋር የእትዬን ቀሚስ፣ የሊድያን ጋውን፣ የእኔንም ጋቢ አስገባለሁ። ካልወደዱ ደግሞ…» ቀጥሎ የሚለውን አላዘጋጀም ነበር። ማስተዋል ከክፍሉ በር ላይ ሆና አየችው፤ ይህን ያህል ንግግር ከጋብቻቸው ቀን ወዲህ አልሰማችም።

መሪጌታ ተነሥተው ወረቀቱ ፊት ቆሙ። ጺማቸውን እያሻሹ አዩት፤ ዞር አሉ፤ እንደገና አዩት።

«ሊድያ» አሉ።

«አቤት መሪጌታ።»

«ምንድን ነበር ያልሽው?»

«መደመር ነው ነበር ያልኩት።»

«እኔ ሰሙን ይዤ ቀረሁ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «ሰሙ መስቀል ነው። ወርቁ ደምር ነው።» በዚህ ቃል ሁሉም አንድ ጊዜ ወደ ውጭው በር ተመለከቱ፤ መሪጌታ ግን ስለ ልብስ ብቻ ነው የሚያወሩት። «ልብሱን ደምር ይላል። ሰዓቱን ደምር ይላል።»

«ሦስተኛውስ?» አሉ ወይዘሮ ብሩክታይት።

«ሦስተኛውን ገና አላገኘሁትም።»

ከዚያ ነጠላቸውን ራሳቸው ማሽኑ ውስጥ አስገቡ። «ጥምቀት ዕለት ውኃው ሲረጭ ይኼ የመሪጌታ ነው፣ ይኼ የአናጢ ነው ብሎ አይለይም» አሉ። የወይዘሮዋ ቀሚስ ተከተለ። የምንይሉ ጋቢ ገባ። ሊድያ ነጭ ጋውኗን ስታቀብል «እኔ ጴንጤዋ ሳልሄድ ጋውኔ ለጥምቀት ተዘጋጀ» አለች፤ መሪጌታም «ለጋውኑ እኔ አለሁለት» ብለው መለሱላት።

ቁልፉ ቅጠሏ ላይ ዞረ። ማሽኑ አልጮኸም፤ አልተራመደም። እንደሚያስብ ሰው አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ብሎ ዝም ይላል። ወይዘሮ ብሩክታይት ዱካ አስመጥተው ቆጣሪው ሥር ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ አልነቀሉም። ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም። በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ሞቷል እንዴ?»

«አለ፣ እትዬ። እየጾመ ነው።»

መሪጌታ ዳዊታቸውን አውጥተው አነበቡ። ሊድያ ቆሎ አመጣች። ማስተዋል መንታዎቹን አጠበች፣ አበላች፣ አስተኛች። ማሽኑ ገና ነው። በዚያ ርዝመት የስቅለት ስግደት አጭር ሆኖ ታያቸው።

«ሦስተኛው ትዕግሥት ነው» አሉ ወይዘሮ ብሩክታይት በመጨረሻ። «ትዕግሥትን ደምር ነው የሚል። እርስዎ ሳይሆኑ እኔ አገኘሁት።»

መሪጌታ ዳዊታቸውን አጥፈው «ይገባል» አሉ። ከመሪጌታ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ለመስማት ተማሪዎቻቸው ዓመታት ይጠብቃሉ።

ማሽኑ ሲያቆም ቆጣሪው ወርዶ ነበር፤ አልወረደም ብሎ የሚዋሽ የለም። ወረቀቱ ካለውም ትንሽ ሳይበልጥ አልቀረም። ነገር ግን የወረደው መሰላል እንደሚወርድ ሽማግሌ ነው እንጂ እንደ ሲኖትራኩ አይደለም። ያን ምሽት ድራማው ሳይቋረጥ አለቀ፤ ሕፃኑ የማን እንደሆነም ታወቀ። ወይዘሮ ብሩክታይት በረንዳቸው ላይ ወጥተው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ጾመኛ አይደለም» አሉ። «ግን ረቡዕና ዓርብን ያከብራል። ይቀመጥ።»

በማግስቱ መሪጌታ ነጠላቸውን ጸሐይ ላይ ዘርግተው መረመሩት። ንጣቱ በፈላ ውኃ ከታጠበው አላነሰም። ይህን ከመሪጌታ የሰማ ሁሉ ልብሱን ለመቀላቀል ተሰለፈ። ያ የድሮው ቃል ቀርቶ የቢቸና ሰው አሁን ገና እንዴት አደርክ ሳይል የሚናገረው «የኔ ከማን ጋር ነው?» የሚል ሆነ። በወሰን ጉዳይ የማይነጋገሩ ሁለት ጎረቤቶች ሸሚዛቸው አንድ ላይ ገብቶ፣ እጅጌና እጅጌ ተተብትቦ ወጣ፤ ለመፍታት ሁለቱም መምጣት ነበረባቸው። ወሰኑ ገና አልተፈታም። እጅጌው ግን ተፈትቷል፤ እየተሳሳቁም ነው የፈቱት።

በጥምቀት ቀን ምንይሉ በነጭ ልብስ ባሕር መካከል ቆመ። በዙሪያው የሚያየው ሁሉ በእጁ ያለፈ ነው። ሊድያ ሕዝቡን ለማየት ወጥታ ነበርና አግኝታው እጁን ያዘች፤ «ጨብጥ እስቲ» አለችው። ጣቶቹ ቀስ እያሉ ሄደው መዳፉን ነኩ። «እየመጣ ነው» አለች፤ «ቀስ ብሎ ይሁን እንጂ።»

«ቅጠሏ ላይ ነዋ ያለው» አላት።

ታቦቱ ሲቃረብ ሕዝቡ እልል አለ። ከምንይሉ ኋላ፣ ምንም ግድግዳ በሌለበት፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ አስነጠሰ።

ምንይሉ ዞር ሳይል «ይማርህ» አለ።